ብርጭቆ ውስጥ ያለው በረዶና ግሪንላንድ ላይ የተኛው በረዶ

ጥያቄው የመጣው ደብረ ብርሃን ከሚያስተምሩ የፊዚክስ መምህር ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦ «ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼ ብርጭቆ ውስጥ ውኃና በረዶ ጨምሬ፣ የውኃውን ልክ በማርከር አስምሬ በረዶው እስኪቀልጥ ጠበቅን። ውኃው ከመስመሩ ንቅንቅ አላለም። ተማሪዎቹ ‹ታዲያ የዋልታ በረዶ ሲቀልጥ ባሕር ከተሞችን ያጥለቀልቃል የሚባለው ውሸት ነው ማለት ነው?› ብለው ጠየቁኝ። እኔም መልስ አጥቼ ‹ሳይሆን አይቀርም› ብዬ አለፍኩ። ደግሞም የደቡብ ዋልታ በረዶ እንዲያውም እየጨመረ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ምድር ሰው ሳይነካትም ሞቃ፣ ቀዝቅዛ ታውቃለች። ነገሩ ምን ያህል የተረጋገጠ ነው? ባሕር ለሌለን ለእኛስ ምናችን ነው?»

ሙከራዎ ትክክል ነው፤ የተሳሳተው መደምደሚያው ነው። ብርጭቆው የነገረዎት ስለሚንሳፈፍ በረዶ ብቻ ነው። የሚንሳፈፍ ነገር የራሱን ክብደት ያህል ውኃ ገፍቶ ቦታውን አስቀድሞ ይይዛል፤ ቀልጦ ውኃ ሲሆንም የሚሞላው ያንኑ ቦታ ነው። ባሕርን ከፍ የሚያደርገው ግን መሬት ላይ ተከምሮ የተኛው በረዶ ነው፤ እርሱ ገና ባሕር ውስጥ ስላልገባ የያዘው ቦታ የለም። በእርስዎ ብርጭቆ ውስጥ ደግሞ መሬት አልነበረም።

ለዚህ መደናገር ቋንቋችንም ድርሻ ያለው ይመስለኛል። ከሰማይ እየተንጣጣ ወርዶ ሰብል የሚመታውም በረዶ ነው፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚረጋውም በረዶ ነው፤ ዋልታ ላይ ሦስት ኪሎ ሜትር ተቆልሎ የተኛውም በረዶ ነው። አንድ ስም ሦስቱንም ስለያዘ የአንዱን ጠባይ ለሌላው መስጠት ይቀላል። ስለዚህ እዚህ ላይ ሁለቱን ለይቼ ልጥራቸው። የባሕሩ ውኃ ራሱ ረግቶ የሚፈጥረውን «የባሕር በረዶ» እለዋለሁ። በሺህ በሚቆጠሩ ዓመታት የወረደ አመዳይ (እንደ ዱቄት ሆኖ ከሰማይ የሚወርደው ለስላሳ በረዶ) ተደራርቦ፣ በራሱ ክብደት ተጠቅጥቆ መሬት ላይ የተኛውን ደግሞ «ግግር በረዶ» እለዋለሁ።

ከባሕር በረዶው ልጀምር። ሰሜን ዋልታ ላይ መሬት የለም፤ ያለው ውቅያኖስ ነው። ላዩን የሸፈነው በረዶ ውፍረቱ ጥቂት ሜትር ብቻ ነው፤ በቀዝቃዛው ወቅት ይሰፋል፣ በሞቃቱ ይጠብባል፤ ከዓመቱ ሁሉ ጠብቦ የሚታየው በመስከረም አካባቢ ነው። ሳተላይቶች ያለማቋረጥ መከታተል ከጀመሩበት ከ1979 ወዲህ (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የመስከረሙ ስፋት በየአሥር ዓመቱ 12 በመቶ ያህል እየቀነሰ መጥቷል። በ1980ዎቹ በአማካይ ወደ 7 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር የነበረው በ2012 ወደ 3.4 ሚሊዮን ወረደ። የጠፋው ብቻ ከኢትዮጵያ ስፋት ሦስት እጥፍ ይበልጣል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ በረዶ ሲቀልጥ ባሕሩን ከፍ አያደርገውም ማለት ይቻላል። «ማለት ይቻላል» ያልኩት እርስዎ የፊዚክስ መምህር ስለሆኑ ነው። የባሕር በረዶ ሲረጋ አብዛኛውን ጨው ይተፋና ጣፋጭ ውኃ ለመሆን ይቃረባል፤ የሚንሳፈፍበት ውኃ ግን ጨዋማ ስለሆነ ከበድ ይላል። ስለዚህ ጣፋጩ በረዶ ቀልጦ የሚሰጠው ውኃ፣ በረዶው ገፍቶት ከነበረው ጨዋማ ውኃ በ2.6 በመቶ ያህል ይበልጣል። ትንሽ ነው፤ ዜሮ ግን አይደለም። ብርጭቆው ውስጥ ያላዩት የቧንቧ ውኃ ስለተጠቀሙ ነው።

የባሕር በረዶ መጥፋት ዋናው ጉዳቱ ሌላ ቦታ ነው። በአመዳይ የተሸፈነ በረዶ ከሚያርፍበት የፀሐይ ብርሃን ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነውን ወደ ሰማይ ይመልሳል፤ ጥቁር ሰማያዊው ባሕር የሚመልሰው 6 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በረዶው ሲገለጥ ባሕሩ ሙቀቱን ይጠጣል፤ የሞቀው ባሕር በሚቀጥለው ዓመት በረዶው ዘግይቶና ሳስቶ እንዲረጋ ያደርጋል፤ የሳሳው ደግሞ ቶሎ ይቀልጣል። ከዚህና ከሌሎች ተደራራቢ ምክንያቶች የተነሣ የአርክቲክ አካባቢ ከ1979 ወዲህ የሞቀው ከዓለም አማካይ አራት እጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት ነው። ይህ ሙቀት የሚደርሰው ደግሞ ከጎን ላለው ግሪንላንድ ነው። እዚያ ያለው ግግር በረዶ ነው።

ግሪንላንድን የሸፈነው ግግር በረዶ 1.7 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ መሐል አካባቢ ውፍረቱ ከ3 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ተሟጦ ቢቀልጥ የዓለምን የባሕር ጠለል በ7.4 ሜትር ያህል ከፍ ያደርጋል። አንታርክቲካ 14 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነች አህጉር ናት፤ እርሷ ላይ ያለው 58 ሜትር ያህል ይሆናል። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ለተማሪዎች ሲናገሩ ግን አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ በእኛም በልጆቻችንም ዕድሜ የሚሆን ነገር አይደለም፤ እንዲህ ያለ መሟጠጥ በሺህ የሚቆጠሩ ዓመታት ይወስዳል። ቁጥሮቹ የሚነግሩን መጋዘኑ ምን ያህል እንደያዘ ነው። ዛሬ የሚያሳስበን ከመጋዘኑ በየዓመቱ የሚወጣው ነው።

የሚወጣውን እንዴት እናውቃለን? የዘወትር ሥራዬ እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ግግር በረዶን ሚዛን ላይ ማስቀመጥ አይቻልም፤ የስበት ጉልበቱን መለካት ግን ይቻላል። በ2002 ግሬስ የተባሉ ሁለት መንትያ ሳተላይቶች ወደ ሰማይ ተላኩ፤ በመካከላቸው 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ይዘው አንዱ ሌላውን ተከትሎ ምድርን ይዞሩ ነበር። ፊተኛው ከባድ ነገር ወዳለበት ቦታ ሲቃረብ ያ ነገር ወደ ራሱ ይስበውና ከኋለኛው ይርቃል፤ ቀጥሎ ኋለኛውም ይሳባል፣ ርቀቱ ይጠብባል። ይህችን የርቀት ለውጥ ከፀጉር ውፍረት ባነሰ ልክ እየለኩ በየወሩ የግሪንላንድን ክብደት ያወጡ ነበር። በ2017 አገልግሎታቸውን ጨረሱ፤ በ2018 ተተኪዎቻቸው ተላኩ። ይህ የኮምፒውተር ትንበያ አይደለም። ልክ በግ ሲመዘን እንደሚደረገው ክብደት ነው የሚለካው።

ውጤቱ ይህ ነው፦ ግሪንላንድ በአማካይ በየዓመቱ 270 ቢሊዮን ቶን ያህል፣ አንታርክቲካ ደግሞ 140 ቢሊዮን ቶን ያህል በረዶ አጥተዋል። አንድ ቢሊዮን ቶን በረዶ ሲቀልጥ አንድ ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ነው፤ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ሞልቶ የሚይዘው ደግሞ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ነው። እንግዲህ ከግሪንላንድ ብቻ በየዓመቱ ሦስት ተኩል የሚሆን ሙሉ የሕዳሴ ግድብ ውኃ ወደ ባሕር ይገባል። የዓለምን ውቅያኖስ በአንዲት ሚሊ ሜትር ከፍ ለማድረግ 360 ቢሊዮን ቶን፣ ማለትም አምስት ሙሉ ግድብ የሚጠጋ ውኃ ያስፈልጋል። ይህን ስሌት ተማሪዎችዎ በሰሌዳ ላይ ራሳቸው ይሥሩት፤ ውቅያኖስ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነም፣ የሚቀልጠው ምን ያህል ብዙ እንደሆነም አንድ ላይ ይገባቸዋል።

ስሌቱን የሚሠራ ንቁ ተማሪ ግን ወዲያው ይጠይቃል። የሁለቱ ድምር 410 ቢሊዮን ቶን ከሆነ በዓመት 1.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው የሚሆነው፤ ባሕሩ ግን ከ2006 እስከ 2018 በየዓመቱ በ3.7 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሏል። ቀሪው ከየት መጣ? ከፊሉ ከተራሮች ግግር በረዶ ነው፤ ከሂማላያ፣ ከአላስካ፣ ከአንዲስ። ትልቁ ድርሻ ግን ከሙቀቱ ከራሱ ነው። ውኃ ሲሞቅ ይሰፋል። ምድር ካጠራቀመችው ትርፍ ሙቀት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን የዋጠው ውቅያኖስ ነው፤ ከ1971 እስከ 2018 ለታየው የባሕር ከፍታ ጭማሪ ግማሹን ያህል ያመጣው ይህ መስፋት ነው። ስለዚህ አንዲት ጠብታ በረዶ ባይቀልጥ እንኳ ባሕሩ ከፍ ይል ነበር። ብርጭቆዎ ይህንንም አላሳየዎትም፤ ውኃው በረዶ ስለነበረበት ቀዝቃዛ ነበርና።

አሁን ወደ ደቡብ ዋልታው ወሬ። «እየጨመረ ነው» ብሎ የነገረዎ ሰው ከሰማይ አላወረደውም፤ ግማሽ እውነት ይዟል። በአንታርክቲካ ዙሪያ ያለው የባሕር በረዶ ከ1979 እስከ 2014 በጥቂቱ እየሰፋ ነበር፤ በ2014 ከ20 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር አልፎ ክብረ ወሰን ሰበረ። ነፋሱና የባሕሩ ጅረት በረዶውን ወደ ውጭ እየገፋ ይበትነው ስለነበር ነገሩ ከሰሜኑ ይለያል። ከ2016 ጀምሮ ግን በድንገት አሽቆለቆለ። በየካቲት 2023 ወደ 1.8 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ወርዶ እስከዚያ ከተመዘገበው ሁሉ አነሰ፤ በዚያው ዓመት መስከረም ላይም ከፍተኛው ስፋቱ 17 ሚሊዮን አልሞላም። ወሬው እውነት በነበረበት ዘመን እንኳ የሚናገረው ስለሚንሳፈፈው በረዶ ስፋት ነበር። በእነዚያው ዓመታት መሬት ላይ ያለው ግግር ክብደቱን እያጣ ነበር። ስፋትና ክብደት፣ የሚንሳፈፍና የተኛ፤ ወሬው አራቱንም ደባልቆ አመጣልዎት።

ግግሩም ቢሆን በየዓመቱ እኩል አይቀንስም። ከ2021 እስከ 2023 በምሥራቅ አንታርክቲካ ብዙ አመዳይ ስለወረደ አህጉሪቱ ለጊዜው ክብደት ጨምራ ነበር። ሞቃት አየር ብዙ እርጥበት ስለሚሸከም ይህ የሚያስገርም አይደለም። የሁለት ዓመት መረጃ ይዞ «ቀረ» የሚልም፣ የአንድ ሞቃት ወር ፎቶ ይዞ «አለቀልን» የሚልም ሰው አይስሙ። እዚህ ሥራ ውስጥ ቢያንስ የሃያና የሠላሳ ዓመት መስመር ካላየን አንናገርም።

እንቅልፍ የሚነሣኝ ምዕራብ አንታርክቲካ ነው። እዚያ ግግሩ የተኛበት መሬት አብዛኛው ከባሕር ጠለል በታች ነው፤ ወደ መሐል በገቡ ቁጥር ደግሞ ይበልጥ እየጎደጎደ ይሄዳል፣ ልክ እንደ ሳህን። ከግግሩ ጫፍ ባሕር ላይ የተዘረጋ ተንሳፋፊ መደርደሪያ አለ። ይህ መደርደሪያ ቢቀልጥ በእርስዎ ብርጭቆ ሕግ መሠረት ባሕሩን ከፍ አያደርግም። ሥራው ግን ሌላ ነው፦ ከኋላው ያለውን ግግር ገፍቶ ይይዘዋል፣ በር ላይ እንደተደገፈ ምሰሶ። ምሰሶው ሲነሣ ምን እንደሚሆን በ2002 በዓይናችን አይተናል። በአንታርክቲካ ልሳነ ምድር ላይ ላርሰን ቢ የተባለው መደርደሪያ፣ 3,250 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው፣ በአንድ ወር ገደማ ጊዜ ውስጥ ፈራርሶ ተበተነ። ከኋላው የነበሩት ግግሮች ወዲያው ፍጥነታቸውን በብዙ እጥፍ ጨምረው ወደ ባሕር ይወርዱ ጀመር።

ትልቁ ሥጋት ትዌይትስ የተባለው ግግር ነው። ባሕር ዳር ላይ ያለው ግንባሩ ብቻ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ ብቻውን ባሕሩን በ65 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ሊያደርግ የሚችል በረዶ ይዟል። የሚያቀልጠው ከላይ ያለው አየር አይደለም፤ አየሩ አሁንም በጣም ቀዝቃዛ ነው። ከሥር በኩል ከጥልቅ ባሕር የሚመጣ፣ ከመቀዝቀዣ ነጥብ ጥቂት ዲግሪ የሚበልጥ ጨዋማ ውኃ እየገባ መሠረቱን ይበላዋል። የተኛበት መሬት ወደ ውስጥ ስለሚጎደጉድ፣ ወደ ኋላ ባፈገፈገ ቁጥር ለባሕሩ የሚጋለጠው ግንባር ይወፍራል፤ የወፈረው ደግሞ በፍጥነት ይፈስሳል። ይህ ከተጀመረ በኋላ አየሩን ብናቀዘቅዘው እንኳ በቀላሉ የሚቆም አይደለም።

የትንበያው ድንበር የሚታየውም እዚህ ላይ ነው። የመንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ጉባኤ (IPCC) በ2021 ባወጣው ግምገማ፣ ምድርን የሚያሞቀው የጋዝ ብክለት በአስቸኳይ ከተቀነሰ ባሕሩ በ2100 ከ28 እስከ 55 ሴንቲ ሜትር፣ በጣም ከጨመረ ደግሞ ከ63 ሴንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ከፍ ሊል እንደሚችል ያስቀምጣል፤ መነሻው ከ1995 እስከ 2014 የነበረው አማካይ ነው። ምዕራብ አንታርክቲካ ከታሰበው ቀድሞ ከተናደ ወደ 2 ሜትር መድረሱም ሊወገድ የማይችል ዕድል ነው ይላል። ተማሪ «ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው ከ28 ሴንቲ ሜትር እስከ 2 ሜትር ይዋዥቃሉ፣ ስለዚህ አያውቁም» ቢልዎ መልሱ አጭር ነው፦ የሚዋዥቀው በምን ፍጥነት በሚለው ላይ ነው፤ ከፍ ይላል ወይስ ዝቅ ይላል በሚለው ላይ ክርክር የለም። የስፋቱ አንዱ ትልቅ ምክንያትም ሰው ገና ያልወሰነው ውሳኔ ነው።

«ምድር ራሷ ሞቃ፣ ቀዝቅዛ ታውቃለች» የሚለው ፍጹም እውነት ነው። ያወቅነውም ከዚሁ ከዋልታው በረዶ ነው። አመዳይ ሲጠቀጠቅ በመካከሉ የየዘመኑን አየር በትናንሽ አረፋ አፍኖ ይይዛል። ከአንታርክቲካ ተቆፍሮ የወጣ አንድ ተከታታይ የበረዶ ዘንግ የ800 ሺህ ዓመት አየር ጠብቆልናል። በዚያ ሁሉ ዘመን የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን ከ180 እስከ 300 ባለው መካከል ሲመላለስ ቆይቷል፤ ቁጥሩ ከአንድ ሚሊዮን የአየር ቅንጣት ውስጥ ስንቱ እንደሆነ የሚያሳይ ነው። ከኢንዱስትሪው አብዮት በፊት 280 ነበር። ዛሬ ከ420 አልፏል። ባለፈው የበረዶ ዘመን ማብቂያ ላይ ወደ 80 የሚጠጋ ጭማሪ ለመምጣት በርካታ ሺህ ዓመታት ፈጅቶ ነበር፤ እኛ 140 የጨመርነው በሁለት መቶ ዓመት ገደማ ነው።

የጥንቱን ለውጥ ያስነሣው ምድር በፀሐይ ዙሪያ የምትሄድበት መንገድና የዘንበሏ ቀስ በቀስ መለዋወጥ ነበር። ያ ሂደት ዛሬም አለ፤ ለብቻው ቢተው ኖሮ ምድር ቀስ እያለች መቀዝቀዝ ነበረባት። ታዲያ ሙቀቱ ከፀሐይ አለመምጣቱን በምን እናውቃለን? የፀሐይን ጉልበት ሳተላይቶች ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምረው ይለካሉ፤ ለዚህ ሙቀት የሚሆን ጭማሪ አላሳየም። ፀሐይ ብትሆን ኖሮ የከባቢ አየሩ የላይኛው ክፍልም አብሮ ይሞቅ ነበር፤ ይልቁንም ቀዝቅዟል። ከታች ሙቀት ታፍኖ ሲቀር የሚጠበቀው ይኸው ነው፣ ብርድ ልብስ የለበሰ ሰው ከውስጥ ሲሞቅ የልብሱ ላይኛ ገጽ እንደሚቀዘቅዝ። አየሩ ላይ የተጨመረው ካርቦንም ከየት እንደመጣ የሚናገር ምልክት አለው፤ ከድንጋይ ከሰልና ከነዳጅ የሚወጣው ካርቦን ዕድሜው ረጅም ስለሆነ በጊዜ ብዛት የሚጠፋው ካርቦን 14 የተባለው የካርቦን ዓይነት የለበትም፣ ከጥንት ዕፅዋት ስለመጣም ካርቦን 13 የተባለው ዓይነት ያነሰ አለው፤ በአየሩ ውስጥ የምናየውም ይኸው መሳሳት ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሙቀት እንደሚያፍን ደግሞ አዲስ ግኝት አይደለም፤ ዩኒስ ፉት በ1856፣ ጆን ቲንዳል በ1859 በሙከራ አሳይተዋል። የፊዚክስ መማሪያ ውስጥ ካሉት ብዙ ሕጎች ይልቅ ይህ ያረጀ ነው።

የጥንቱ ዘመን የሚያጽናና ሊመስል ይችላል። ለእኔ ግን ትልቁ ማስጠንቀቂያ እርሱ ነው። ከ125 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የዓለም ሙቀት ከኢንዱስትሪው ዘመን መባቻ በግማሽ ዲግሪ እስከ አንድ ዲግሪ ተኩል ብቻ ይበልጥ ነበር፤ ባሕሩ ግን ከዛሬው ከ5 እስከ 10 ሜትር ከፍ ብሎ ነበር። እኛ አሁን ከአንድ ዲግሪ አልፈናል። አሻራው እኛው ዘንድም አለ፦ ዳናክል በረሃ ዳርቻ ላይ የዚያ ዘመን የኮራል ድንጋይ ተጋድሞ ይገኛል፤ ኮራል የሚያድገው ባሕር ውስጥ ብቻ ነው። ቀይ ባሕር በተደጋጋሚ እየገባ፣ በኋላም እየተቆረጠ ደርቆ ነው ግመል የሚጫነው ጨው የተጋገረው። ለመግባቱም ለመቆረጡም የመሬቱ መንቀሳቀስና እሳተ ገሞራው ድርሻ ስለነበራቸው ሁሉንም በባሕሩ ከፍታ ብቻ አይተርኩት። በሌላ ጫፍ ደግሞ በባሌ ተራሮች፣ ሳነቴ ላይ፣ በበረዶ ዘመኑ እውነተኛ ግግር በረዶ ተኝቶ ነበር፤ ተሸክሞ ያመጣውን ቋጥኝ ዛሬም ትቶልናል። ተማሪዎችዎ ግግር በረዶ የሌላ ዓለም ነገር እንዳይመስላቸው ይህን ይንገሯቸው።

«ለእኛስ ምናችን ነው» ለሚለው ግን ማጋነን አልፈልግም። ድርቅ በመጣ ቁጥር «የዋልታ በረዶ ስለቀለጠ ነው» ማለት ስሕተት ነው፤ ዝናባችንን በዋናነት የሚያዛቡት በፓስፊክና በሕንድ ውቅያኖስ ላይ የሚፈጠሩ የሙቀት መለዋወጦች ናቸው። የኪሊማንጃሮ በረዶም የምድር ወገብ የተራራ በረዶ እንጂ የዋልታ በረዶ አይደለም። ቀጥተኛው መንገድ ወደቡ ነው። ከውጭ ንግዳችን ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጅቡቲ በኩል ይገባል፣ ይወጣል፤ የጅቡቲ ወደብና የከተማዋ ብዙ ክፍል ከባሕሩ ብዙም ከፍ ያላለ ነው። ዓባይ የሚያልቅበት የግብፅ ዴልታም ዝቅ ያለ፣ ራሱም እየሰመጠ ያለ መሬት ነው፤ የባሕሩ ጨው ወደ እርሻውና ወደ ጉድጓድ ውኃው በገባ ቁጥር ግብፅ ለጣፋጭ ውኃ ያላት ጭንቀት ይብሳል። ያ ጭንቀት ወንዙን ይዞ ወደ ላይ፣ ወደ እኛ መምጣቱ አይቀርም።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር ደግሞ አለ። ግሪንላንድ ከክብደቷ የተነሣ በዙሪያዋ ያለውን የባሕር ውኃ ወደ ራሷ ስባ ትይዛለች። በረዶዋ ሲቀንስ የመሳብ ጉልበቷ ይቀንሳል፤ እስከ 2000 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ርቀት ውስጥ ያለው ባሕር እንዲያውም ዝቅ ይላል፤ የተለቀቀው ውኃ ሩቅ ወዳለው፣ ወደ ምድር ወገብ አካባቢ ይሰበሰባል። ስለዚህ የግሪንላንድ በረዶ ሲቀልጥ ጎረቤቷ አይስላንድ ከምታየው የባሕር ከፍታ ይልቅ በቀይ ባሕርና በሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ የሚኖረው ሕዝብ የሚያየው ይበልጣል። ርቀት አያድንም፤ በዚህ ጉዳይ ላይ እንዲያውም ይጎዳል።

ምክሬ አንድ ነው፤ ሳያመነቱ ያድርጉት። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ተማሪዎቹ ፊት «ያን ጊዜ የሰጠሁት መልስ ትክክል አልነበረም» ብለው ይጀምሩና ሙከራውን በአራት ዕቃ ይድገሙት። የመጀመሪያው የቀድሞው ይሁን፦ የቧንቧ ውኃና የሚንሳፈፍ በረዶ። ሁለተኛው ውስጥ ከውኃው በላይ ብቅ የሚል ድንጋይ ያስቀምጡና በረዶውን ድንጋዩ ላይ ይጫኑ፤ መስመሩን የሚያሰምሩት ድንጋዩ ከገባ በኋላ ነው፤ በረዶው ውኃውን እንዳይነካ ይጠንቀቁ። ይህ ግሪንላንድ ነው። በሦስተኛው ውኃው ውስጥ ጨው እስኪጠግብ ያሟሙና በረዶ ያንሳፉበት፤ እንዲህ በከበደ ጨው ውኃ ላይ የከፍታው ልዩነት በዓይን ይታያል። ባሕር ከዚህ በጣም ያነሰ ጨው እንዳለው ግን አብረው ይንገሯቸው፣ ሌላ ስሕተት እንዳንተክልባቸው።

አራተኛው የመስፋቱ ሙከራ ነው። የመስታወት ጠርሙስ ቀለም በገባበት ቀዝቃዛ ውኃ ጢም አድርገው ይሙሉ፤ ቀጭን ስትሮ ከተው አፉን በሊጥ ጥርቅም አድርገው ይድፈኑትና ሙቅ ውኃ የያዘ ድስት ውስጥ ያቁሙት። ለአፍታ ውኃው ስትሮው ውስጥ ትንሽ ዝቅ ሲል ያያሉ፤ አይደንግጡ፣ መጀመሪያ የሞቀውና የሰፋው ጠርሙሱ ነው። ከዚያ መውጣት ይጀምራል። ደብረ ብርሃን ብርድ ስለሆነች በረዶው ለመቅለጥ ጊዜ ይፈጃል፤ ሦስቱን ጠዋት የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ አዘጋጅተው ፀሐይ የሚገባበት መስኮት አጠገብ ያስቀምጧቸው፤ የጠርሙሱን እስኪቀልጡ በሚጠብቁበት ሰዓት ይሥሩት፤ መስመሩን ተማሪዎቹ ራሳቸው ከሰዓት በኋላ መጥተው ያንብቡት።